ኦሙን ሳትቆጥሩ ገመድ አታገናኙ

የመኪና ኤሌክትሪክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ስለሚያወጣው ድምፅ ማጉያ፣ የሚጠይቁ ናቸው። ስለ ሞተሪኖና ስለ ዲናሞ የጻፋችሁልኝ ትንሽ ታገሡኝ፤ የሚቀጥለው እትም የእናንተ ነው። ይህን ስጽፍ ተክለ ሃይማኖት ባለው ጋራዤ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የተቃጠሉ አምፕሊፋየሮች ተደርድረዋል። ሦስቱም የሞቱት በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ገጣሚው ገመዱን ሲያስር ኦሙን አልቆጠረም። አንደኛው በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ነው፣ ካርቶኑ እንኳ ገና አላረጀም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስሌቱ ማካፈልና መደመር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የሳሪስ ነዋሪ ነኝ፣ ታክሲ እሠራለሁ። ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር ገዛሁ። ሁለቱም ባለ ሁለት ኮይል ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ 4 እና 4 ኦም፣ 300 ዋት አርኤምኤስ ይላል። አምፕሊፋየሩ ባለ አንድ ቻናል ሲሆን መመሪያው 300 ዋት በ4 ኦም፣ 500 ዋት በ2 ኦም ይላል። የገጠመልኝ ልጅ ፖዘቲቩን ሁሉ በአንድ፣ ነጌቲቩን ሁሉ በአንድ አሰረው። መጀመሪያ ላይ መኪናው ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቀይ መብራት ይበራና ድምፁ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ፣ ራሱን እያዳነ ነው። ቀዩ መብራት «ከአቅሜ በላይ ጫናችሁብኝ» እያለህ ነው። ደጋግመህ ካስገደድከው ግን አንድ ቀን መብራቱም አይበራም።

የሰፈር ቦኖ ታውቅ የለም? ከአንድ ታንከር አንድ ቧንቧ ሲከፈት ውኃው በልኩ ይወርዳል። በጎኑ ሦስት ቧንቧ ጨምረህ ብትከፍት አራት እጥፍ ይፈሳል፣ ታንከሩም ይጎድላል። ሁሉንም ፖዘቲቭ በአንድ ማሰር፣ እኛ ፓራለል የምንለው፣ ይኸው ነው። አንዱን ቀጭን ጎማ በሌላው ጫፍ ቀጥለህ ብታስረዝመው ደግሞ ውኃው ይዳከማል፤ ይህ ሲሪስ ነው። ኦም ማለት ገመዱ ላይ ያለው የዚህ ጥበት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መንገዱ ይሰፋል፣ አምፕሊፋየሩም ብዙ አምፔር ይለቃል።

አሁን የአንተን እንቁጠር። ሁለት ሳብዉፈር፣ በእያንዳንዱ ሁለት ኮይል (ኮን የምንለውን የሚርገበገብ ፊት የሚገፋ የሽቦ ጥቅል)፣ በድምሩ አራት ኮይል አለህ። እያንዳንዱ 4 ኦም ነው። እኩል የሆኑ ኮይሎች በፓራለል ሲታሰሩ የአንዱን ኦም በብዛታቸው ታካፍላለህ፤ 4 ለ4 ሲካፈል 1 ኦም። አምፕሊፋየርህ ግን የተሠራው ከ2 ኦም ላላነሰ ጭነት ነው። 1 ኦም ሲያገኝ ከታሰበለት እጥፍ አምፔር ለመስጠት ይሞክራል፤ አምፔር እጥፍ ሲሆን ደግሞ ትራንዚስተሮቹ ላይ የሚወርደው ሙቀት እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። አሥር ደቂቃ መቆየቱም ትልቅ ነገር ነው።

«ታዲያ 2 ኦም አድርገህ ንገረኝ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። በያዝካቸው ሁለት ሳብዉፈሮች፣ አራቱም ኮይሎች እየሠሩ፣ 2 ኦም አይወጣም። አራት ባለ 4 ኦም ኮይሎችን በእኩል ኃይል የሚያሠሩት ሦስት አስተሳሰሮች ብቻ ናቸው፤ 1 ኦም፣ 4 ኦም ወይም 16 ኦም ይሰጡሃል። ስለዚህ የአንተ ቁጥር 4 ኦም ነው። እንዲህ አድርግ፦ በእያንዳንዱ ሳብዉፈር ላይ የአንደኛውን ኮይል ነጌቲቭ ከሁለተኛው ኮይል ፖዘቲቭ ጋር በአጭር ገመድ አገናኝ። እያንዳንዱ ሳብዉፈር 8 ኦም ሆነ። የቀረልህ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ነጌቲቭ ነው። ሁለቱን ፖዘቲቮች ወደ አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ፣ ሁለቱን ነጌቲቮች ወደ ነጌቲቩ ውሰድ። 8 ለ2 ሲካፈል 4።

500 ዋቱ ቀረብኝ ብለህ አትቆጭ። ጆሮ ዋትን እንደ ገንዘብ አይቆጥርም። በ500 እና በ300 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 2.2 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ዘፈን መሃል ላይ ብቀይርብህ ላታስተውለው ትችላለህ። እንዲያውም ሁለት ሳብዉፈር ጎን ለጎን ሆነው አንድን ኃይል ሲካፈሉ፣ ያው ኃይል በአንድ ሳብዉፈር ላይ ሲወርድ ከሚሰጠው ድምፅ 3 ዴሲቤል ያህል ይበልጣሉ። አንዱን ሸጠህ በሌላው ላይ 500 ዋት ብትጭን በድምፅ አሁን ካለህ በትንሹ ታንሳለህ፣ ኮይሉንም ታቃጥላለህ። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝ፣ በ4 ኦም እሰር፣ በሰላም ሥራ።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ። ብዙ ባለ አንድ ቻናል አምፕሊፋየሮች ሁለት ጥንድ የድምፅ ማጉያ መውጫ አላቸው። ልጆቹ «አንዱ ለአንዱ ሳብዉፈር፣ ሌላው ለሌላው» ይላሉ። ከውስጥ ግን ሁለቱ ጥንዶች በፓራለል የተገናኙ ናቸው፤ ለገመድ ማሰሪያ እንዲመች ብቻ የተደረገ ነው። ሁለት ባለ 2 ኦም ሳብዉፈሮችን እዚያ ላይ ለየብቻ ብታስር አምፕሊፋየሩ የሚያየው 1 ኦም ነው። ከሦስቱ የጠረጴዛዬ ሬሳዎች ሁለቱ በዚህ የሞቱ ናቸው።

አስረህ ስትጨርስ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ከመሰካትህ በፊት፣ በመልቲሜትር 200 ኦም ላይ አድርገህ የሁለቱን ገመድ ጫፎች ለካ። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክተህ የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር ከውጤቱ ቀንስ። ለ4 ኦም ጭነት ከ3.2 እስከ 3.7 ቢያሳይህ ትክክል ነው። ኮይል በመልቲሜትር ሲለካ ከተጻፈበት ትንሽ ያንሳል። 1 አካባቢ ካየህ ካቻቢቴህን አንሣና እንደገና ጀምር።

ጥያቄ፦ «ባለ ሁለት ኮይል ሳብዉፈር ላይ አንዱን ኮይል ብቻ ባሠራስ? ከጎንደር።»

መልስ፦ ይሠራል፤ ኦሙም የዚያው የአንዱ ኮይል ነው። ነገር ግን የሚችለው ሙቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። 300 ዋት የተባለውን እንደ 150 ቁጠረው። የማታሠራውን ኮይል ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አታገናኝ፤ ኮኑን እንደ ፍሬን ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ካምሪዬን ራሴ ነኝ የምሠራት፣ እዚህ ሠራተኛ ውድ ነው። ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር አለኝ፤ በ4 ኦም 100 ዋት ሁለት ጊዜ፣ ብሪጅ ሲደረግ 300 ዋት በ4 ኦም። ሳብዉፈሬ አንድ ባለ 10 ኢንች፣ ባለ ሁለት ኮይል፣ 4 እና 4 ኦም ነው። በፓራለል አስሬ ብሪጅ አደረግሁት፣ በጣም ይሞቃል። 8 ኦም ባደርገው ደግሞ ኃይሉ ይሞታል አሉኝ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አሁኑኑ ንቀዪው። ብሪጅ ሲደረግ ሁለቱ ቻናሎች ከሁለት አቅጣጫ አንድ ጭነት ይሸከማሉ፤ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የኦሙን ግማሽ ነው። አምራቹ «ብሪጅ በ4 ኦም» ሲልሽ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም ያያል ማለቱ ነው፤ መጨረሻው ያ ነው። አንቺ 2 ኦም ስለሰጠሽው እያንዳንዱ 1 ኦም እያየ ነው የሚሞቀው።

8 ኦም ያልሽውን ግን አትናቂው፤ ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ሁለቱን ኮይሎች በሲሪስ አስረሽ 8 ኦም ብሪጅ ላይ ስታገናኚ እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም ያያል። በ4 ኦም አንድ ቻናል ስንት ይሰጣል ተባለ? 100 ዋት። ሁለቱ ተደምረው 200 ዋት ወደ ሳብዉፈርሽ ይሄዳል። ከ300 ጋር ያለው የድምፅ ልዩነት ከ2 ዴሲቤል ያንሳል። አምፕሊፋየሩም ለብ ብሎ ይውላል።

አንዳንዱ ገጣሚ አንዱን ኮይል በግራ ቻናል፣ ሌላውን በቀኝ ቻናል ያገናኛል። እሱም 200 ዋት ይሰጣል፤ ግን የሁለቱ ቻናል ሲግናል ፍጹም እኩል መሆን አለበት፣ ካልሆነ አንድ ኮን ላይ ሁለት ጌታ ይታዘዛል። ብሪጁ ይቀልሻል።

ጥያቄ፦ «ባለ 3000 ዋት አምፕሊፋየር ሊሸጡልኝ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ርካሽ ነው። እውነት 3000 ይሆን? ከባሕር ዳር።»

መልስ፦ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተወውና ገልብጠህ ፊውዙን እይ። ፊውዝ አይዋሽም። የፊውዞቹን አምፔር ደምር፣ በ13.8 ቮልት አባዛ፤ ወደ አምፕሊፋየሩ ሊገባ የሚችለው ኃይል ያ ነው። ከዚያ ክላስ ዲ ከሆነ 80 በመቶውን፣ የድሮው ዓይነት ክላስ ኤቢ ከሆነ ግማሽ ገደማውን ውሰድ። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ለምሳሌ ሁለት ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ካለው፣ 60 በ13.8 ሲባዛ 828 ዋት ይገባል። ክላስ ዲ ቢሆን 660 አካባቢ ይወጣል። በደንብ የተሠራ 600 ዋት አምፕሊፋየር መልካም ዕቃ ነው፣ ብቻ በ600 ዋት ዋጋ ግዛው። አንድ ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ብቻ ካየህ ደግሞ ከ280 ዋት አይዘልም። እውነተኛ 3000 ዋት ከ270 አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ የአብዛኛው ትንሽ መኪና ዲናሞ ከ60 እስከ 100 አምፔር ነው፣ እሱም መብራቱንና ማቀዝቀዣውን እየመገበ።

መመሪያው ላይ «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ ቁጥር ፈልግ። «ሲኢኤ 2006» የሚል ምልክት ካለበት ይበልጥ እመነው፤ ያ ምልክት ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳያልፍ ተለክቷል ማለት ነው። ሳብዉፈሩንም በአርኤምኤስ ቁጥሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አቀራርብ። «ማክስ» የሚለው ለሽያጭ የተጻፈ ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሽዬ፣ አዳማ ሚኒባስ እነዳለሁ። ማታ ማታ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራቴ ድብዝዝ፣ ብርት ይላል። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ግዛ አሉኝ። ልግዛ ወይስ ገመዴን ልቀይር? ገመዱ ወፍራም ነው፣ ፊውዙም ከኋላ አምፕሊፋየሩ አጠገብ አለ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመብራቱ በፊት የደብዳቤህ መጨረሻ ነው ያስደነገጠኝ። ፊውዙ ከኋላ አለ ያልከውን ነገ ጠዋት አስተካክለው፤ ስምሪት ከመውጣትህ በፊት።

1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ አንድ ኮሮላ ተጎትቶ ወደ ጋራዤ መጣ። ሥራው የእኔ አልነበረም። ከባትሪ የሚመጣው ፖዘቲቭ ገመድ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የገባው በላሜራው ላይ በተበሳ ቀዳዳ ነበር፤ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት አልተደረገም። ባለመኪናው ለወራት ሲነዳ የላሜራው ጠርዝ የገመዱን ልባስ እንደ ቢላ ሲሞርደው ኖረ። አንድ ቀን መዳቡ ከላሜራው ጋር ተነካካ። ፊውዝ ነበረው፤ እንዳንተው ከኋላ። ኤሌክትሪኩ ግን ፊውዙ ጋ ሳይደርስ ነው ወደ ላሜራው የዞረው። የመኪና ባትሪ እንዲህ ሲነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል። ገመዱ ከባትሪው እስከ ቀዳዳው ድረስ ግሎ ምንጣፉን አቀጣጠለው። ከኋላ ሁለት ሕፃናት ነበሩ፤ አባታቸው በር ከፍቶ አወጣቸው። የክሩስኮቶው ፕላስቲክ ቀልጦ ፔዳሉ ላይ ተንጠባጥቦ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ያልተደረገበት መኪና ከጋራዤ አይወጣም። ያ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ከኋላ ያለው አምፕሊፋየሩን ይጠብቃል፣ እሱም ይቆይ።

ገመድህ «ወፍራም ነው» ብለህ አትተማመን። ጫፉን በቢላ ፋቀው። ከውስጥ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ከንጹሕ መዳብ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሚበልጥ ጥበት አለው። ሶማሌ ተራ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ከላይ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይህ። ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር፣ 50 አምፔር ይሂድ እንበል። 21 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ፣ ማለትም ባለ 4 ጌጅ፣ 0.2 ቮልት ብቻ ያስቀራል። ባለ 8 ጌጅ መዳብ ግማሽ ቮልት ያስቀራል። ባለ 8 ጌጅ አልሙኒየም ወደ 0.8 ይጠጋል። ባለ 4 ጌጅ መዳብ ከሆነ ባለ 100 አምፔር ፊውዝ፣ ባለ 8 ከሆነ ባለ 50 አድርግለት። ነጌቲቩንም እኩል ውፍረት ባለው አጭር ገመድ ከሻንሲው ጋር እሰር፤ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቀህ። የደኅንነት ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን ፈጽሞ አትንካ።

አሁን ወደ መብራቱ። ሞተሩ እየሠራ፣ ቤዙ እየመታ፣ ቮልቱን ባትሪው ላይ ለካ፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩ ላይ ለካ። ባትሪው ላይ 13.5 ሆኖ ከኋላ 12 ካገኘህ ጥፋቱ ገመድ ወይም ነጌቲቭ ነው። ባትሪው ራሱ ወደ 12 ከወረደ ዲናሞህ አልቻለም፤ መብራት መደብዘዙ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው የሚናገረው። ካፓሲተሩን፣ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ አትግዛ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው 26 ጁል ነው። 500 ዋት ለጎደለው መኪና ይህ ለአንድ ሰከንድ ሃያኛ ይበቃል፤ ከአንድ የከበሮ ምት ያነሰ። ገንዘቡን በመዳብ ገመድና በጥሩ ባትሪ ላይ አውል፣ ቆመህ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ደግሞ ድምፁን ቀንስ፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ዲናሞው የሚሰጠው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ «ሳብዉፈሬ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ አወጣ። ኃይሉ ግን ከአምፕሊፋየሩ ኃይል ይበልጣል፤ 400 ዋት ሳብዉፈር፣ 250 ዋት አምፕሊፋየር በ4 ኦም። ጌይኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ከድሬዳዋ።»

መልስ፦ የድሬዳዋው ወዳጄ፣ ጥፋቱ መጨረሻ ዓረፍተ ነገርህ ላይ ነው። ጌይን የድምፅ መክፈቻ አይደለም። ሥራው ከሬዲዮው የሚመጣውን ቮልት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማማት ነው። አንዱ ሬዲዮ 2 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው 4። ባለ 4 ቮልት ሬዲዮ ይዘህ ጌይኑን እስከ መጨረሻ ስትከፍት አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በላይ ለማውጣት ይሞክራል፣ አይችልም፤ ማዕበል የነበረው ሲግናል አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ባለ 250 ዋቱ አምፕሊፋየር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ሊለቅ ይችላል፣ እሱም ያለ ዕረፍት። ኮይሉ የሚቃጠለው በዚህ ነው። የሸተተህ ኮይሉን የያዘው ሙጫ ነው። ድምፁ ገና ንጹሕ ከሆነና ኮኑን በእጅህ በቀስታ ስትገፋው ካልፋቀ፣ ተርፎልሃል።

ማስተካከያው ይኸውልህ። ሳብዉፈሩን ንቀል። ሬዲዮው ላይ ቤዝና ሌላውን ማሳመሪያ ሁሉ ዜሮ አድርግ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ቤዝ ቡስት አጥፋ። የ50 ኸርትዝ ቋሚ ድምፅ በስልክህ አጫውት፣ ሬዲዮውን ሦስት አራተኛው ድረስ ክፈት። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአምፕሊፋየሩን መውጫ ለካ። የሚፈለገው ቮልት የሚገኘው ዋቱን በኦሙ አባዝተህ ስኩዌር ሩቱን ስትወስድ ነው፤ 250 በ4 ሲባዛ 1000፣ ስኩዌር ሩቱ 31.6። ጌይኑን ከዜሮ ተነሥተህ በቀስታ ክፈት፣ 31 ቮልት ላይ ስትደርስ አቁም። ምልክት አድርግበትና ከእንግዲህ አትንካው። ለሳሪሱ ታክሲ ነጂ፣ 300 ዋት በ4 ኦም፣ ቁጥሩ 34.6 ነው።

ሎው ፓስ ፊልተሩን፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ 80 ኸርትዝ ላይ አድርገው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርትዝ ነው፤ የኛን ዘፈን የምትሰማ ከሆነ ከዚያ በታች የምታሳድደው እምብዛም የለህም። ሳጥንህ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ሰብሶኒክ የሚለውን፣ ከመጠን በላይ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን ፊልተር፣ 30 አካባቢ አድርገው። ችክችካ ላይ ከበሮውና ቤዙ ተለይተው ሲሰሙ መኪናው ባይንቀጠቀጥም ሰው ዞር ብሎ ያያል። እኔ ጥሩ ሥራ የምለው ያንን ነው። ይህን የተማርኩት ገና ደሴ ቴፕ ሪኮርደር ስጠግን ነው፤ ጥሩ ጆሮ ያላቸው ደንበኞች «አብዛልኝ» አይሉም ነበር፣ «አጥራልኝ» ነበር የሚሉት።

ጥያቄ፦ «ሻርጃ ሠርቼ ተመለስኩ፣ የምወደውን ዝግ ሳጥን ከነሳብዉፈሩ ይዤ መጣሁ። አዲስ አበባ ላይ በዚያው አምፕሊፋየር፣ በዚያው ኦም ኮኑ ከበፊቱ ይበልጥ ይዘላል። ተበላሽቶ ነው?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላመጣህልኝ አመሰግናለሁ። አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተለየው። በዝግ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ለኮኑ ሞላ ሆኖ ያገለግላል፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ በአየሩ ግፊት ይወሰናል። ሻርጃ ባሕር ዳርቻ ናት፤ ግፊቱ 1013 ሚሊባር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና ግፊቷ 770 አካባቢ ነው። ስለዚህ ባለ 30 ሊትሩ ሳጥንህ እዚህ እንደ 40 ሊትር ሳጥን ይለሰልሳል፣ ኮኑም ይዘላል። ጌይኑን ጥቂት ቀንስ፣ ወይም እንጨት ቆርጠህ ሳጥኑ ውስጥ አጥብቀህ ስፋቱን አጥብበው። ቀጭኑ አየር ሙቀትም እንደዚያው አይወስድልህም፤ አምፕሊፋየሩን ምንጣፍ ሥር አትቅበረው።

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሳብዉፈር ማስገጠም ይቻላል? ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ።»

መልስ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ይህን ጥያቄ ገና ብዙ ጊዜ እንመልሰዋለን። ይቻላል፣ በልክ። መኪናዎ ዲናሞ የለውም፤ ባለ 12 ቮልቱን ትንሽ ባትሪ የሚሞላው ከዋናው ባትሪ ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ነው። የእሱን አቅም ሳያውቁ ከ200 ወይም 300 ዋት አይለፉ፣ የሻጩንም ዋስትና አስቀድመው ይጠይቁ። ገጣሚው ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ አጠገብ ሲበሳ ካዩት ያስቁሙት። ያ የከፍተኛ ቮልት ገመድ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ «ሁለት ሳብዉፈር አለኝ፤ ሁለቱ ሲሠሩ ቤዙ ይጠፋል፣ አንዱን ስነቅል ይመጣል። ኦሙን ለክቼዋለሁ፣ ትክክል ነው። ከሐዋሳ።»

መልስ፦ ኦሙን መለካትህ ደስ አሰኝቶኛል። የቀረህ አቅጣጫው ነው፤ አንዱ ላይ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ተገላብጧል። አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጣፋሉ። አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰድ። ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለህ ለየብቻቸው የድንጋዩን ፖዘቲቭ ጫፍ ከሳብዉፈሩ ፖዘቲቭ፣ ነጌቲቩን ከነጌቲቩ ጋር ለቅጽበት አስነካ። ኮኑ ወደ ውጭ ከገፋ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ያ ነው የተገለበጠው። ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ ሁለቱንም ኮይሎች በየተራ ፈትሽ፤ በአንዱ ሳብዉፈር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኮይሎች ራሳቸው ተቃራኒ ሆነው ከታሰሩ ኮኑ ጨርሶ አይንቀሳቀስም፣ አምፕሊፋየሩ ግን ይሞቃል። ሁሉም ወደ ውጭ ሲገፉ ገመዶቹን በናስትሮ ጠቅልልና ሳጥኑን ግጠም።